በሁለተኛው እትም ላይ የቀረበ ክስ

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሕግ ነበርኩ። ሕግ አዋቂ አላልኩም፤ ሕግ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ካለው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ነገር አልስማማ ሲላቸው ሦስቱም አንገታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። «አንቀጽ፣ ምን ይላል?» እባላለሁ። እኔም መጽሐፉን ሳልገልጥ፣ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ፣ ቁጥሩን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። አንቀጽ የቅጽል ስሜ ነው፤ ያወጣልኝም ከኮሪደሩ ማዶ የሚኖረው የጥርስ ሐኪም ነው። እናቴ አልወደደችውም ነበር። እኔ ግን እሷ ካወጣችልኝ ስም አስበልጬ ነበር የምወደው።

ትምህርት ቤት ማንም አንገቱን ወደ እኔ አያዞርም። በሩጫ ከመጨረሻ አንደኛ ነበርኩ። የሣልኩትን ፈረስ መምህሩ ወንበር መስሎት «እግሩ ጥሩ ነው» ብሎኛል። የመዝሙር አስተማሪዋማ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብላ ገላገለችኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቁጥር የማልገባ ልጅ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ግን ያለ እኔ ማንም ድልድይ አይሻገርም።

ጨዋታው «ጉዞ» ይባላል። ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም፣ አሸናፊም የለውም። አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ያወራል፤ «አሁን ጫካ ውስጥ ናችሁ፤ ከፊታችሁ የተሰበረ ድልድይ አለ» ይላል። ሌሎቻችን ለየራሳችን የመረጥነውን ሰው ሆነን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ ባለ ስድስት ገጹ ዳይስ ይወስናል፤ ዳይሱ ላይ የወጣው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የሕጉ መጽሐፍ ይወስናል።

የጥርስ ሐኪሙ ሳምንቱን ሙሉ «አይዞህ፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚያምህ» ሲል ይሰነብትና ቅዳሜ ሽፍታ ይሆናል። አክስቴ፣ እቴቴ የምላት የእናቴ ታናሽ፣ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው፤ በቅየሳ መሥሪያ ቤት ካርታ ትሥላለች፣ በጨዋታው ወጌሻ ናት። እኔ ሰላይ ነኝ። እናቴ አትጫወትም። «የራሴ ችግር መች አነሰኝና የሌለ ወንዝ ውስጥ ገብቼ የምሰጥመው?» ትላለች። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁልጊዜ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ የምትተክለው የሸሚዝ ቁልፍ አታጣም ነበር። አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለነበር እንኳን ለጨዋታው ለእራቱም አይደርስም።

ዳኛችን ማተሚያ ቤት የሚሠራ ፊደል ለቃሚ ነው፤ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ የሚያቆም። ያመጣው የጥርስ ሐኪሙ ነው። «ወንበሬ ላይ አፉን ከፍቶ እያለ ጠየቅኩት፤ እምቢ ሊለኝ አልቻለም» ይላል። ሕጉን የጻፈው ራሱ ዳኛው ነበር። አለቃውን አስፈቅዶ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በቁራጭ ወረቀት አትሞ፣ ሰማያዊ ሽፋን አልብሶ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰጠን። አርባ አንቀጽ። በሦስት ሳምንት በቃሌ ያዝኩት።

ሰውየው ሲበዛ ዝምተኛ ነው። ጨዋታው ሲጀመር አንደበቱ ይፈታል፤ ነጋዴ ሲሆን ነጋዴ ነው፣ አሮጊት ሲሆን አሮጊት ነው። ዳይሱ ተሰብስቦ ከረጢቱ ውስጥ ሲገባ ግን እሱም አብሮ የሚገባ ይመስል ነበር። ደግሞ የጥርስ ሐኪሙን «አንተ» እያለ፣ በዕድሜ የምታንሰውን አክስቴን «እርስዎ» ይላታል። እሷ «ኧረ አንቺ በለኝ፣ አስረጀኸኝ እኮ» ብትለውም «እሺ፣ እንዳሉ» ብሎ ይመልስላታል። እኔ አይወዳትም ብዬ ደምድሜ ነበር። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ዳይስ ስትጥል በጣም ትጮኻለች።

ነገሩ የተበላሸው በአንቀጽ አስራ አራት ነው። «ወንዝ የወሰደው ተጓዥ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ዝም ይላል» ይላል አንቀጹ። ወንዙ ማንንም ወስዶ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ስትሻገር ዳይሱ ላይ አንድ ወጣባትና ወሰዳት።

«እንዴ! ገና መጀመሪያችን እኮ ነው» አለች። «አንቀጽ፣ ምን ይላል? በናትሽ ጥሩ ጥሩውን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ቃል በቃል። አክስቴም ሕግ አክባሪ ናትና እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ እዚያው አጠገባችን ተቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳይወጣት።

ዳኛው የዚያን ቀን ጉድ ሆነ። የከተማውን ስም ረሳ። አንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ አስተዋወቀን። ሁለት ጊዜ የገደልነውን ውሻ ለሦስተኛ ጊዜ አመጣብን፤ የጥርስ ሐኪሙ «ይሄ ውሻ ነፍሱ ስንት ናት?» ቢለው እንኳ አልሳቀም። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እኔ ግን ከምንም ጊዜ በላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሕግ ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዳኛው ሁለት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። «አሞታል» አለ የጥርስ ሐኪሙ፤ እናቴም «ምኑን እንዳመመው እናውቃለን» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። በሰው ሕመም መሳቃቸው ነውር መስሎ ታየኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዳኛው በገመድ የታሰረ እሽግ በብብቱ ይዞ መጣ። ፈታነው። አረንጓዴ ሽፋን፣ የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም። «ጉዞ፤ ሁለተኛ እትም፤ ተሻሽሎ የተዘጋጀ።»

አክስቴ ገልጣ ገልጣ አንዱ ገጽ ላይ ቆየች። የጥርስ ሐኪሙ «ወረቀቱ ወፍሯል!» አለ። እኔ ግን የእኔን ሳልገልጥ መልሼ ገፋሁት። አርባ አንቀጽ በቃሌ ይዤ ነበር እኮ። አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ፣ ሳያማክረኝ፣ ሕግ መሆኔን በገመድ አስሮ ሻረው። «አይዞሽ፣ ይህንንም ትይዥዋለሽ» አለኝ ዳኛው። ፊቴን አዞርኩበት።

ሳምንቱን አልጋ ሥር ገብቼ፣ ሰማያዊውን በግራ አረንጓዴውን በቀኝ ዘርግቼ፣ በቀይ እርሳስ መስመር በመስመር አስተያየሁ። ያገኘሁትን ማመን አቃተኝ። አንቀጽ ሦስት በፊት «ዳኛ ተጓዥ አይሆንም» ይል ነበር፤ አሁን «ዳኛ ጀልበኛ ሆኖ መጓዝ ይችላል» ይላል። አንቀጽ ዘጠኝ ወጌሻ መጥፎ ቁጥር ከወጣባት አንዴ እንድትደግም ይፈቅዳል፤ ለሽፍታ የለም፣ ለሰላይ የለም። አንቀጽ አስራ አራት ወንዝ የወሰደው ተጓዥ ዝም አይልም፣ ጀልበኛው ወዲያው ያወጣዋል ይላል። አንቀጽ ሃያ አንድ የመቀመጫ ተራ አውጥቶ ወጌሻዋን ከጀልበኛው አጠገብ ያስቀምጣታል። የዳኛው አጠገብ የእኔ ቦታ ነበር! እኔን ከመስኮቱ ሥር፣ ሙቀት መስጫው ጋ ወረወረኝ።

ከሁሉ የከፋው ሃያ ሰባት ነው። «በጉዞው አጋማሽ ሽፍታና ሰላይ አስራ አምስት ደቂቃ ቅኝት ይወጣሉ።» ቅኝት ማለት እኔና የጥርስ ሐኪሙ በረንዳ ላይ መቆም ማለት ነው። በየቅዳሜው፣ ነፋስ እየመታን፣ የማዶውን ጣሪያ ድመቶች እንቆጥራለን። «እንግባ?» ስለው ሰዓቱን አይቶ «ሽፍታ አይቸኩልም» ይለኛል፤ ጥርሱ ግን ይንገጫገጫል። ስንመለስ ዳኛውና አክስቴ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ዳይሶቹ ብቻ ያበራሉ። ሲዶልቱ ቆይተው ነው፣ እል ነበር በልቤ።

ምን ሲያደርጉ እንደነበር አክስቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነግራኛለች። ዳኛው አስራ አምስት ደቂቃውን ሙሉ ዳይሶቹን በመሐረብ ሲያጸዳ ነበር። አንድ በአንድ፣ ስድስቱንም ገጽ። እሷ «ጥሩ ቀን ነው» ስትለው «እውነትዎን ነው» ይላታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዳይስ ይሄዳል። አስራ አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። አገሩ ሁሉ እንደዚያ የጸዳ ዳይስ አልነበረውም።

ሁለተኛው እትም በመጣ በአስረኛው ቅዳሜ አክስቴ ሻይ እየቀዳች «ዝውውር መጥቶልኛል» አለች። እኔ ዝውውር ሲባል የማውቀው መምህራችን ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ወንበር ስታዛውረኝ ነበርና ብዙም አልገረመኝም፤ መስኮት አጠገብ ያድርጉሽ አልኳት። እውነቱ ግን መሥሪያ ቤቷ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። የካርታ ክፍሉን እንድትመራ መርጠዋታል፤ እሺ ወይም እምቢ ለማለት የተሰጣት ጊዜ ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው። ቀኑ ሰኞ ላይ ያልቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳኛው ጣት የምታህል ወረቀትና ሙጫ ይዞ መጣ። «ማረሚያ ነች፤ አንድ ያመለጠችኝ ነገር አለች» ብሎ በየመጽሐፋችን የኋላ ሽፋን ላይ ለጠፈልን። እኔ አላነበብኳትም። ማረሚያ የሚባለው የሆሄ ግድፈት ማቃኛ ነው እንጂ ሕግ አይደለም ብዬ ነበር። በዚህ የተነሣ በኋላ ያፈርኩትን ያህል በምንም አፍሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ የጥርስ ሐኪሙ እናቴን ሲያዋራት ሰማሁ። «እስከ መቼ ነው በረንዳ ላይ የሚበርደኝ? ወይ ይናገር፣ ወይ ካፖርት ይግዛልኝ!» አላት። ማን ምን እንደሚናገር አልገባኝም። ሐሙስ ደግሞ ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ፣ እኔ ከአንሶላው ኋላ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ እናቴና አክስቴ ያወሩ ጀመር። ሰላይ ነኝና ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ሰኞ መልስ ይጠብቃሉ» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና ምን? እሱ እንደሆነ ከጥርስ ሐኪም በስተቀር ለማንም አፉን አይከፍትም።»

«ከሄድሽ የቅዳሜው ነገር አበቃለት ማለት ነው።»

«ያበቃል።»

«ትንሿስ?»

«እሷ?» አክስቴ የሳቀች መሰለኝ። «እሷ ሕጓን ይዛ ትቀራለች።»

አንሶላው ፊቴን መታኝ። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ጨዋታውን ወደ ሌላ ቤት ሊወስዱት ነው፤ ዳኛው ሕጉን ለአክስቴ አመቻችቶ የጻፈው ለዚህ ነው፤ እኔን ከነሰማያዊ መጽሐፌ እዚህ ሊጥሉኝ ነው። አክስቴ ያን ጊዜ አልሳቀችም ነበር። አፍንጫዋን ነበር የምትጠርገው። ከአንሶላ ኋላ ሆኖ ሲሰማ ሁለቱ ይመሳሰላል።

ቅዳሜ ደረሰ። የትምህርት ቤት ኮቴን ለበስኩ፤ ክስ በሹራብ አይቀርብም። ዳይሱ ገና ከከረጢቱ ሳይወጣ ተነሥቼ ቆምኩ። በአንድ እጄ ሁለቱን መጽሐፎች፣ በሌላው ከደብተሬ የገነጠልኩትን ዝርዝር ይዣለሁ።

«ክስ አለኝ» አልኩ።

«በማን ላይ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«በዳኛው ላይ።»

እናቴ ቁልፍ የምትተክልበትን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የጥርስ ሐኪሙ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ «ዳኛ ሲከሰስ ማን ይዳኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ሳላስብበት አልመጣሁም።

«አንቀጽ ሠላሳ ስምንት። ዳኛው ራሱ የተከሰሰ እንደሆነ በዕድሜ ትልቁ ተጓዥ ይዳኛል። ሁለተኛው እትምም አልነካውም። እርስዎ ነዎት ዶክተር።»

«ሽፍታ ዳኛ ሆነ! ከመሞት መሰንበት» አለች እናቴ።

የጥርስ ሐኪሙ ኮሌታውን አስተካክሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «የክስሽን ቃል አሰሚ።»

«ዳኛው ለእቴቴ ያደላል። ሕጉን የቀየረው ለእሷ ብሎ ነው። ማስረጃ አለኝ። አስራ አንድ።»

የጥርስ ሐኪሙን ሳል ያዘው። ዳኛው የዳይሱን ከረጢት በሁለት እጁ ጨብጦ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። «አንደኛ። አንቀጽ ሦስት። ድሮ ዳኛ ተጓዥ አይሆንም ነበር። አሁን ጀልበኛ ሆኗል። ለምን ጀልበኛ ሆነ? ወጌሻዋ ወንዝ ስለምትፈራ ነው። ሁለተኛ። አንቀጽ ዘጠኝ።»

አክስቴ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር የምትሰማኝ። አራተኛው ላይ፣ የመቀመጫው ላይ ስደርስ፣ እርሳሷን አስቀመጠች። ስድስተኛው በረንዳው ነበር። «ለምን ሽፍታና ሰላይ ብቻ ይወጣሉ? ወጌሻና ጀልበኛ ለምን አይበርዳቸውም?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ በሸሚዙ አፏን ሸፈነች። ሰባተኛው፣ ማንም ሰው ተራው ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲናገር የሚያዘው አንቀጽ፣ ለወጌሻዋ ሰዓት እንደማይቆጥርባት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚስቅ አልነበረም። አክስቴ እኔን ማየት ትታ እሱን ነበር የምታየው። እኔ ፍርሃት የያዛት መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«አስራ አንደኛ። አንቀጽ ሠላሳ ሦስት። ድሮ፣ ተጓዦች ከተማው ሲደርሱ ጨዋታው ያልቃል ይላል። አሁን፣ ወጌሻዋ ይብቃ እስክትል ድረስ አያልቅም ይላል።» ዝርዝሩን አጠፍኩት። ልቤ ስለተረበሸ ያልተዘጋጀሁበትን ጨመርኩ። «ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው። አንድ መጽሐፍ ሙሉ! ሌሎቻችን የለንም እንዴ?»

አክስቴ ወንበሯን ወደ ዳኛው አዞረች።

«አስራ አንዱም ለእኔ ነው?» አለችው።

ዳኛው ከረጢቱን አየ፣ ጣቶቹን አየ፣ የፊደል ቀለም ያልለቀቃቸውን ጥፍሮቹን አየ።

«አስራ ሁለት ነው» አለ። «አንዱን አንቀጽ አላገኘችውም።»

«ሐሰት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት!»

«ማረሚያዋ ላይ ነው።»

የኋላውን ሽፋን ገለበጥኩ። ያቺ ጣት የምታህል ወረቀት። ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። «አንብቢያ» አለ የጥርስ ሐኪሙ፤ ድምፁ ድሮ የማውቀው ድምፅ አልነበረም። አነበብኩ። «ጀልበኛው ወንዙን ትቶ ወጌሻዋ ወደምትሄድበት አገር መሄድ ይችላል።» ከሥሩ ከሁሉ ባነሰው ፊደል፣ ያየሁት በጣም ሳቀርበው ነው፣ «እሷ ከፈቀደች» ይላል።

«ይሄ የተጻፈው ነው» አለች አክስቴ። ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም። «በአፍህስ?»

ዳኛው ብድግ ሲል ከረጢቱ ተዘረገፈ፤ ዳይሶቹ ጠረጴዛው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ እናቴ ወንበር ሥር ተበተኑ። ማንም አላነሣቸውም። በጨዋታው ስንት ንጉሥ ሆኖ የተናገረ ሰው ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ።

«ልከተልሽ እፈልጋለሁ» አለ በመጨረሻ። «የትም ብትሄጂ። ካንቺ ጋር መኖር ነው የምፈልገው።»

አንቺ አላት። እኔ ያስተዋልኩት ያንን ብቻ ነው። አንድ ተከሳሽ በችሎት ፊት እንዲህ መዳፈሩ አስደነገጠኝና ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞርኩ። «ዶክተር፣ ፍርዱስ?»

የጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። «ጥፋተኛ ነው» አለ። «በአስራ ሁለቱም።»

አሸነፍኩ! በዘመኔ አንድ ነገር አሸነፍኩ። «ስለዚህ ሁለተኛው እትም ይሻርልኝ!» አልኩ።

«ይግባኝ የሚል አለ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«እኔ አለሁ» አለች አክስቴ። ተነሥታ ቆማ ነበር። እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርዳል። «ሁለተኛው እትም ይጽናልኝ። እኔ በእሱ ነው የምጫወተው። እስከ መጨረሻው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በእኔ ዓይን የሕግ ውርደት ነው። እናቴ ሸሚዙን ወዲያ ወርውራ እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። የጥርስ ሐኪሙ ዳኛውን ከመሬት አንሥቶ አዞረው፤ «ተገላገልኩ! ከበረንዳ ተገላገልኩ!» እያለ። ጥፋተኛ የተባለው ሰው ይሳማል፣ ጥፋቱ ጸንቷል፣ ከሳሿን ዘወር ብሎ ያያት የለም። ሁለቱን መጽሐፎቼን ይዤ አልጋ ሥር ገባሁ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ መጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና አጎንብሳ አየችኝ። «ምን ሆነሻል የኔ እናት?»

«ጥፋተኛ ነው ተባለ እኮ! ተፈረደበት እኮ! ታዲያ ሕጉ ለምን ይጸናል?»

እናቴ ለመመለስ ሞከረች፤ ሳቅ አሸነፋት። እየሳቀች ወለሉ ላይ ተዘረረች፤ ከአልጋው ሥር ፊት ለፊት ተያየን። «አንዳንዱ ሰው» አለችኝ ትንፋሽ ስታገኝ፣ «እንደዚህ ነው የሚቀጣው።» ምንም አልገባኝም። ግን እናቴን እንደዚያ ተጋድማ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበርና፣ ሳልወድ በግድ እኔንም ሳቅ ሳቅ አለኝ።

አክስቴ ሰኞ ዝውውሩን ተቀበለች። ዳኛው በዚያች ከተማ ማተሚያ ቤት ሥራ አገኘ፤ በሦስተኛው ወር ተጋብተው ሄዱ። እኔና የጥርስ ሐኪሙ ለሁለት «ጉዞ» ልንጫወት ሞክረን ነበር፤ ሽፍታና ሰላይ ብቻ ሲሆኑ የሚሰረቀው ሰው ጠፋ። ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። በሄዱ በአራተኛው ወር ግን ፖስታ ቤት በስሜ ወፍራም ፖስታ መጣ። ለእርማት ብቻ የወጡ ሃያ ገጾች፣ ሰፊ ሰፊ ኅዳግ ያላቸው፣ ከላዩ ላይ አንድ መስመር፦ «ሦስተኛው እትም ነው። ሳይታተም በፊት አይተሽ ክሰሽኝ።» በቀይ እርሳሴ ከሰስኩት። አርባ ሦስት ቦታ። ሠላሳ አንዱን ተቀበለኝ። መጽሐፉ ሲወጣ ከውስጥ ሽፋኑ ላይ «አራሚ፤ አንቀጽ» ይላል። ዛሬ እንጀራዬ ያው ነው፤ የሰው ረቂቅ ደንብ እያነበብኩ አላምር ያለውን ማስተካከል።

ባለፈው ወር አክስቴንና ዳኛውን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ከምሳ በኋላ እሱ ዕቃ ያጥባል፤ እኔና አክስቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጠናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃት የኖርኩትን ጠየቅኳት።

«እቴቴ፣ አስራ አንዱን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያመጣው ዕለት» አለች። «ካርታ የምሥል ሰው ነኝ። መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሲያመራ ይታየኛል።»

«ማረሚያዋንስ?»

«ሙጫው ሳይደርቅ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ሳቋ ግን ያው ዳይስ ስትጥል የነበረው ነው።

«ምን ልበለው? ሕግ ጻፈ እንጂ አልጠየቀኝም። ሕግ ይጠበቃል፣ ይጣሳል እንጂ እሺ አይባልም። እሺ የሚባለው ሰው ነው። ሰውዬውን ስጠብቅ ደግሞ ቀኑ አለቀ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እኮ ደብዳቤውን ፈርሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ሰኞ ሰጥቼ ብቻዬን ልሄድ። አንቺ ባትነሺ ኖሮ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ዳይስ ያጸዳ ነበር፣ እኔም ሌላ አገር ካርታ እሥል ነበር። አንቺ ጎትተሽ ከመጽሐፉ አወጣሽልኝ።»

«እኔ እኮ የዚያን ቀን ልናገር ነበር!» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

«ውሸት!» አለች አክስቴ፣ ዞር ሳትል።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ የተረታሁበት ቀን እያልኩ ነበር ለሰው የማወራው። ተነሥቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። አንገቱን አቅፌ ጉንጩን ሳምኩት፤ ደንግጦ ሳህኑን ሊጥለው ነበር።

«ይሄ ደግሞ ለምኑ ነው?» አለኝ።

«ጥፋተኛ ስለሆንክ ነው ጋሼ» አልኩት።